የጠቆረ ብር ሲታጠብ

አንድ ነገር አጥፍተን መጥተናል። «ምን አላት፣ ትንሽ ጥፋት ናት» የሚል አለ በመካከላችን። «ኧረ ጭራሽ ጥፋትም አይደለም» የሚል አለ። «የለም፣ እስከ ዛሬ ካጠፋነው ሁሉ ይኸ ይብሳል» የሚልም አለ። ክርክሩ እምድብር ተጀምሮ፣ ቡታጅራ ደርሶ፣ ወልቂጤ ተመልሶ፣ ጉብሬ ግቢያችን ገባ፤ ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ ሳይቀር በጨለማ ሲቀጥል ሰነበተ። በመጨረሻ «በቃ፣ ይጻፍና አንባቢ ይፍረድ» ተባባልን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ክስም፣ እንደ መከላከያም አድርጋችሁ አንብቡት።

፩

«እኛ» ስንል አራት ነን። አንዱ የእምድብር አካባቢ ልጅ ነው፤ አንዱ የቡታጅራ፤ ሁለቱ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ነገሩ ወዲህ ነው። ለመስቀል የእምድብሩ ልጅ ሦስቱን አስከትሎ አገሩ ገባ። ደመራው ተለኮሰ፤ ክትፎው ተበላ፤ ጀፎረው ላይ ከልጆች ጋር ሲሮጥ ተዋለ። በሦስተኛው ቀን አያቱ፣ እኛም «እማማ» የምንላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ከምሰሶው ላይ አንዲት የቆዳ ከረጢት አስወረዱት። ከረጢቷ ውስጥ ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁ ሲፈታ ሰባት ጠገራ ብር ወጣ።

ብር የሚባለው በቃል ነው እንጂ መልኩ ሌላ ነበር። ገሚሱ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ገሚሱ ጠጋ ብለው ሲያዩት ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ወይን ጠጅ፣ ዳር ዳሩን ወደ ቢጫ ይሄዳል።

እማማ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ቡታጅራ ዓይን የሚያዩ ሐኪሞች አሉ ይላሉ። ከነዚህ ሦስቱን ትሸጡና ትወስዱኛላችሁ። አንዷን ግን እንዳትነኳት፤ እሷ የእናቴ ናት። ስመለስ እኔ ራሴ አወጣታለሁ።» ይህን ብለው ጎረቤት ቡና ሊጠጡ ሄዱ።

እዚህ ላይ ነው ደግነታችን የተቀሰቀሰው። «ሲመለሱ አብረቅርቆ ያግኙት» ተባባልን። ከምድጃው አመድ አመጣን፤ ሎሚ ቆረጥን፤ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጠን ፈተግን። አቤት መንጣቱ! ወተት መሰለ። በእንሰት ቅጠል ላይ ደርድረን ጠበቅናቸው።

እማማ መጡ፤ አዩ፤ ደስ አላቸው። «እሰይ፣ ተባረኩ፣ ሙሽራ አደረጋችኋቸው» አሉን። ከዚያም ብርሃን ወዳለበት ወደ ደጃፉ ወጥተው ተቀመጡና ሰባቱን አንድ በአንድ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ፣ እያገላበጡ አዩ። ጨረሱና እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀና ብለው፣ «ጨረቃዋ የታለች?» ብለው ጠየቁ።

የእናታቸው ብር፣ ለካ፣ ከሌሎቹ ነጣ ያለች ነበረች። ለስንት ዘመን በሌላ ብር ሥር ተሸፍና ስለ ተቀመጠች ፊቷ አልጠቆረም፤ ሽፋኑ ባልደረሰበት በአንድ ዳሯ ብቻ ቀጭን ጥቁር ጨረቃ ተስሎባታል። እማማ የሚለዩዋት በዚያች ጨረቃ ነው። በተረፈ ሰባቱ ሁሉ አንድ ናቸው፤ አንድ ፊት፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ዓመተ ምሕረት። እኛ ስንፈትግ ማን አስተውሎ!

«አይ፣ ምንም አይደል፤ ብር ብር ነው» አሉ እማማ። ሰባቱንም ጠቀለሉና ከረጢቷን አሰሩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልተነፈሱም። እኛን እንቅልፍ የነሳን ይኸ «ምንም አይደል» ነው።

፪

ለመሆኑ ያጠብነው ምን ነበር?

ይህን የጠየቅነው ግቢ ከተመለስን በኋላ ጎረቤት ዶርም ያለውን የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን፤ ዝገት ሁሉ አንድ ይመስለናል። እሱ ግን ሳቀብን። ብረት የሚዝገው በአየርና በእርጥበት ነው፤ ብር የሚጠቁረው ግን በድኝ ነው። ድኝ ያለበት ጋዝ ከእንጨት ጢስ ይወጣል፤ ከሚበሰብስ ነገር ይወጣል፤ ከእንቁላል፣ ከሱፍ፣ ከጎማ ይወጣል። ጋዙ ብሩን ሲነካው ከላዩ ያለው ብር ከድኙ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ይሆናል፤ የብር ሰልፋይድ ይባላል። መልኩ ጥቁር ነው።

ታዲያ ሰማያዊውና ወይን ጠጁስ? ያ ቀለም አይደለም አለን፤ የብርሃን ጨዋታ ነው። በዝናብ ቀን አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍታ ቀስተ ደመና እንደሚመስለው ማለት ነው። ሽፋኑ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ያነሰ ነው፤ ብርሃኑ ከሽፋኑ ላይና ከሽፋኑ ሥር ሲመለስ እርስ በርሱ ይጋጫል። ሽፋኑ ሲጀምር ቢጫ ያሳያል፤ ሲወፍር ወደ ቀይና ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፤ በመጨረሻ ይጠቁራል። ስለዚህ የጠቆረ ብር ላይ ያለው መልክ የጊዜና የቦታ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። የት ተቀመጠ፣ ምን ነካው፣ ምን ሸፈነው የሚለው ሁሉ ተጽፎበታል።

ከሁሉ የከበደን ግን የመጨረሻው ቃሉ ነው። እኛ ቆሻሻው ብሩ ላይ የተቀመጠ መስሎን ነበር፤ አቧራ ጠርገን ብሩን የምናተርፍ። ለካ ያ ጥቁረት ራሱ ብሩ ነው። ጥቂት ብር ከድኝ ጋር ሆኖ የለበሰው መልክ ነው። አመዱ ጥቁረቱን ሲፍቅ ብሩንም ፍቆታል፤ በዚያ ላይ በዓይን የማይታይ ጭረት ትቶበታል። «በሙቅ ውሃ፣ በሶዳና በአልሙኒየም ፎይል ብታደርጉት ኖሮ ሰልፋይዱ ተመልሶ ብር ይሆን ነበር፤ ብዙም አትጎዱትም ነበር» አለን። «ጨረቃዋስ?» አልነው። «ጨረቃዋማ ያን ጊዜም ትጠፋ ነበር» አለ።

፫

አሁን እስቲ ብሩን ራሱን እንጠይቀው፤ አንተ ማነህ፣ ከወዴት መጣህ?

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ትሬዛን መልክ የያዘ ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ፣ በማንኛውም ዘመን ይሁን፣ በማንኛውም አገር፣ 1780 ተብሎ ይጻፍበታል። ቪየና ቀርጾታል፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ ቀርጸውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት መቅረጫውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመው፤ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሊወጉ ሲመጡ ቦምቤይ ላይ አሳተሙት። ወራሪውም፣ ወራሪውን ሊያስወጣ የመጣውም አንድ ዓይነት ብር ይዘው መጡ፤ ሁለቱም ላይ 1780 ይላል።

ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ በአዋጅ አቋቁመው፣ መልካቸውና አንበሳው ያለበትን ብር ፓሪስ አሳትመዋል። ገበያው ግን ወደ ለመዳት ሴትዮ አደላ። አባቶቻችን ጠገራውን ሲቀበሉ በደረቷ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ያረጀና ዕንቁው የተፋቀ ከሆነ አይቀበሉትም። ከ1937 ዓ.ም. የገንዘብ አዋጅ በኋላ ቦታው በይፋ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ተሰጠ። ጠገራው ግን ከአገር አልወጣም። ገሚሱ አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀልና ቀለበት ሆነ፤ ገሚሱ ማንጠልጠያ ተበጅቶለት አንገት ላይ ዋለ፤ ገሚሱ እንደ እማማ ሰባቶች ከረጢት ገባ። በ1969 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ሲቀየር፣ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ሲቀየር፣ ፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ሁሉ ወደ ባንክ ሮጧል። ከረጢቷን የነካት የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፊቷ የባዕድ ነው። ጽሑፉ በላቲን ነው። ዓመቱ ሐሰት ነው፤ የእማማ ብሮች በ1780 ተቀረጹ ብሎ የሚምል ሰው ከፈለጋችሁ ብሮቹን ራሳቸውን ታገኛላችሁ እንጂ ሌላ ምስክር የለም። በዚያ ብር ላይ እዚህ አገር የተጨመረ፣ ያልዋሸ አንድ ነገር ቢኖር ጥቁረቱ ነበር። ጥቁረቱ እምድብር ሣር ቤት ውስጥ፣ በአንድ ምሰሶ ላይ፣ በአንዲት ሴት ምድጃ ጢስ ሲጻፍ ኖረ። እኛ ተማርን የምንለው አራት ሰዎች ውሸቱን ትተን እውነቱን በሎሚ አጠብነው።

፬

ይህን ሁሉ ገና ሳናውቅ ነው በማግስቱ ዋጋ ለመጠየቅ ቡታጅራ የሄድነው። እማማ ሦስት ብር ሰጥተውናል፤ «ጠይቁ እንጂ እንዳትሸጡ» ብለውናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእናታቸው ብር ከሦስቱ መካከል ልትሆን ትችላለች፤ ማን ያውቃል?

የቡታጅራው ጓደኛችን የሚያውቃቸው አንድ አንጥረኛ ሽማግሌ ዘንድ ገባን። ብሩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ደረቷን ዳበሱ፤ አንኳኩተው አዳመጡ፤ ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው አዩና «ማነው ያጠበው?» አሉ።

«እኛ ነን አባባ።»

«ምነው ልጆች! ለማቅለጥ ከሆነ በሚዛን ልግዛችሁ፤ ብር ነው። ለሚሰበስቡት ሰዎች ግን ይኸ ፊቱ የተላጠ ነው። እነሱ የሚፈልጉት እንደ ኖረ የተቀመጠውን ነው።» ከዚያ ፊታችንን አይተው አዘኑልን መሰለኝ የምንል አለን፤ ሳቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አትዘኑ። እንቁላል ቀቅላችሁ፣ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ፣ ከብሩ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ዝጉበት። ቢያድር ይጠቁራል። ማን ያውቅባችኋል!»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። እምድብር ስንደርስ ግን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም) እንዲህ አለ፦ «እንቁላሉን እናድርገው። ግን ለገዢ አይደለም፤ ለእማማ ነው። አንዷን ብር በሌላ ብር እንሸፍንና ዳሯን ብቻ እንተወዋለን። ጨረቃዋ ትወጣለች። ‹አገኘናት› እንላቸዋለን።»

ይህ ነው እንግዲህ የተጣላንበት ጉዳይ።

፭

መጀመሪያ ለገዢ ማጥቆርን እንይ፤ ቀላሉ እሱ ነው።

የእንቁላሉ ጥቁረትና የጢሱ ጥቁረት በኬሚስትሪ አንድ ነው። ሁለቱም የብር ሰልፋይድ ነው። አንዱ በአንድ ሌሊት፣ ሌላው በአርባ ዓመት መጣ እንጂ ምን ልዩነት አለው? ነገሩ አንድ ከሆነ ውሸቱ የት ላይ ነው?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ዘንድ ትልቅ ንግድ ሆኗል። እዚያ ሳንቲሙን ለመርማሪ ኩባንያ ይልኩታል፤ ኩባንያው እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ውጤት ይሰጠውና በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ ይመልሰዋል። መለኪያውን ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተቋቋሙ ናቸው። እኛ ቁጥር ሲሰጠን እንደምንደነግጠው ሳንቲሙም ቁጥር ይሰጠዋል ማለት ነው። ታጥቦ ከሆነ ግን ቁጥሩን ይከለከላል፤ «ታጥቧል» ተብሎ ይጻፍበታል። ፕላስቲኩም ቢሆን አየርን ፈጽሞ አያግድም፤ ታሽጎ የተቀመጠው ብር እዚያው ውስጥ መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ለስላሳው ፕላስቲክ ደግሞ ከናካቴው ይብሳል፤ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይተፋበታል።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። በአሜሪካ መንግሥት ግምጃ ቤት በሸራ ከረጢት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የተቀመጡ የብር ዶላሮች ነበሩ። ከሸራው ጋር ተነካክተው የኖሩት ፊታቸው ቀስተ ደመና ይዞ ወጣ፤ ይህን የወደዱ ሰዎች ከነጩ አስበልጠው ይገዙታል። ዋጋ ሲመጣ እንቁላል ቀቃዩም መጣ። ዛሬ መርማሪዎቹ «ይኸ በጊዜ የመጣ ነው ወይስ በእጅ?» እያሉ ይከራከራሉ፤ ብዙ ጊዜም በእርግጠኝነት መለየት ያቅታቸዋል።

ታዲያ ዓይን ካልለየው ለምን ይጨነቃሉ? መልሱን ከራሳችን ሕይወት ማግኘት ይቻላል። ከጎን የተቀዳ የፈተና መልስ ፊደሉ ከተሠራው መልስ ጋር አንድ ነው። ተጭበርብሮ የታተመ ዲፕሎማ ወረቀቱም ቀለሙም ከእውነተኛው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ውሸቱ ወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው ከወረቀቱ ጀርባ አራት ዓመት እንዳለ ያምናል፤ አራቱ ዓመት ግን የሉም። በእንቁላል የጠቆረ ብርም እንደዚሁ ነው። ጥቁረቱ እውነት ነው፤ የጎደለው አርባው ዓመት ነው። ስለዚህ የነገሩ አንድነት ሰውን ከመዋሸት ነጻ አያወጣም። «በእንቁላል ያጠቆርነው ነው» ብሎ የሚሸጥ ካለ ይሽጥ፤ ሐሰት የለበትም። ግን እንዲህ ብሎ የሚሸጥ እንቁላል አያባክንም።

በዚህ ላይ አራታችንም ተስማማን።

፮

ለእማማ ማጥቆሩስ?

እዚህ ግን ክርክሩ ቀላል አልሆነም። ሐሳቡን ያመጣው ጓደኛችን እንዲህ ይላል፦ «የምንሸጥላቸው ነገር የለም። የምናተርፈው ነገር የለም። ያጠፋነውን እንመልሳለን። ደግሞስ የምንመርጣት ብር የእናታቸው ብር የመሆን ዕድል አላት፤ ከሰባት አንድ ነው። ምናልባት እውነት ሊሆን የሚችል ውሸት ነው። በቀሩት ዓመታት ያቺን ብር እየዳበሱ እናታቸውን ቢያስታውሱ ማን ተጎዳ?»

እውነቱን እንናገር፤ ይህን ስንሰማ ልባችን ወደሱ አዘነበለ። የተቃወመው የእምድብሩ ልጅ ነው፤ የልጅ ልጃቸው። መጀመሪያ ያለው ግን ስለ እንቁላሉ አልነበረም። ቃሉን እንደዚያው ለማስቀመጥ እንሞክራለን፦

«እናንተ ከቡታጅራ ጀምሮ ጥቁረቱን እንደ ቅርስ ታወሩታላችሁ። ያ ጥቁረት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አያቴ ስልሳ ዓመት የተነፈሰችው ጢስ ነው። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ከብቱም እዚያው ያድራል፤ እሳቱ አይጠፋም። ብሩን ያቀለመው ጢስ እሷ ዓይን ውስጥም ገብቷል። ብሩ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሲሆን ፈረንጅ ዋጋ ይጨምርለታል። የሷ ዓይን ሲቀላ ማን ዋጋ ጨመረ? እኔ ብሩ በመታጠቡ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ሳንጠይቃት በመታጠቡ ነው።»

ዝም አልን። ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ሁለት ስሕተት እንደሠራን ገባን። የመጀመሪያው ጥቁረቱን እንደ ቆሻሻ አይተን መፈተጋችን ነው። ሁለተኛው፣ ተግሳጽ ከሰማን በኋላ፣ ጥቁረቱን እንደ ውበት አይተን ማምለካችን ነው። በሁለቱም ጊዜ ዓይናችን ብሩ ላይ ነበር። የብሩን ባለቤት አላየናትም።

ይህ ነገር የኛ የአራታችን ብቻ አይመስለንም። ከወልቂጤም፣ ከቡታጅራም፣ ከሌላም አገር ለበዓል ወደ ቤቱ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ይህ ፈተና አለበት። አንዱ ገና ከመድረሱ «ይኸ ኋላ ቀር ነው፣ ይታጠብ» ይላል። ሌላው «ይኸ ቅርስ ነው፣ እንዳይነካ፣ መስታወት ውስጥ ይግባ» ይላል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት የዚያ ዘመን ተማሪዎች ፊደል አስተምረዋል፤ መልካም ሥራ ሠርተዋል። በብዙ ቦታ ግን ገበሬው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ ብዙ ነገር «ሊያጥቡለት» መሞከራቸውም የሚታወቅ ነው። እኛም ከነሱ አልተሻልንም፤ ሎሚ ብቻ ነው የያዝነው።

መታጠብ ያለበት ነገር የለም እያልን አይደለም። ጢሱ ይውጣ፤ መስኮት ይከፈት፤ ዓይን ይታከም። ግን አንድ ነገር ከመፋቁ በፊት፣ ቆሻሻ ያልነው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሰው ይጠየቅ። በአክሱም ዘመን ከተሠሩ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች መካከል የንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉ በስሱ በወርቅ የተለበጠባቸው አሉ። ከመሬት ሲወጡ ብሩና ነሐሱ ጠቁረው ወርቁ በመሐል ያበራል። ያንን በአመድ የሚፈትግ ሰው ጥቁረቱን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ወርቁም አብሮ ይሄዳል። የእማማ ወርቅ ያቺ ጨረቃ ነበረች። እኛ አላየናትም፤ የሚያውቋት እሳቸው ነበሩ፤ ቡና እስኪጠጡ መጠበቅ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። ያልጠየቅነው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥፋታችን ይህ ነው። ጨረቃዋን በእንቁላል ብንሠራ ሁለተኛ ጊዜ ሳንጠይቅ መሥራታችን ነው። እማማ ያቺን ብር በዳበሱ ቁጥር በእሳቸውና በእናታቸው መካከል የኛ እጅ ይገባል፤ እሳቸው አያውቁም፣ እኛ ግን እናውቃለን። ደግሞም የጠፋው ነገር የእሳቸው ነው፤ የጠፋባቸው መሆኑን ማወቅም የእሳቸው ነው። ኀዘኑን ከሰው ደብቆ መውሰድ ስጦታ መስሎ ይታያል። ግን ሰውየውን እንደ ልጅ መቁጠር ነው። ከሰባት አንድ ዕድል የተባለውም ቢሆን አያድነንም፤ እንደ አጋጣሚ ልክ የሆነ ውሸት እውነት አይባልም፤ ባጋጣሚ መልሱን ያገኘ ተማሪ ትምህርቱን አወቀ እንደማይባል ሁሉ።

ይህ የሦስታችን ፍርድ ነው። አራተኛው እስካሁን አልተቀበለም። «እናንተ እውነትን የወደዳችሁት በሷ ኪሣራ ነው» ይለናል። ይህንንም ስንሰማ ሙሉ በሙሉ የሚያሳምን መልስ የለንም።

፯

የሆነውን ተናግረን እንጨርስ።

ብሮቹ አልተሸጡም። የትኛዋ የእናታቸው እንደሆነች ሳይታወቅ ማን ይሸጣል? ለመስቀል ከየቤታችን የተሰጠንን ገንዘብ አዋጣን፤ ትንሽም ተበደርን። ይህን የምንናገረው ለመመስገን አይደለም፤ ዕዳ ነው የከፈልነው፤ እሱንም ከፊሉን ብቻ ነው። እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር ቡታጅራ ሄደው ዓይናቸውን ታዩ፤ ጠብታ ተሰጣቸው፤ ቀጠሮም ተይዞላቸዋል።

ከመሄዳቸው በፊት የልጅ ልጅየው ሁሉንም ነገራቸው። አመዱን፣ ጭረቱን፣ የአንጥረኛውን ዋጋ፣ እንቁላሉን ሳይቀር። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙና ሳቁ። «እንቁላል ካላችሁ ብሉት እንጂ፣ ብር ላይ ምን ያደርጋል!» አሉ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው «እንግዲህ ሰባቱንም የእናቴ ናቸው እያልኩ ላኑራቸው፤ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ከረጢቷ ወደ ምሰሶዋ ተመለሰች። ጢሱም እንዳለ ነው። ብሮቹ እንደገና ይጠቁራሉ፤ ጨረቃ ግን የት ላይ እንደሚወጣ፣ ጭራሽ መውጣት አለመውጣቱንም ማንም አያውቅም።

እማማ የሳቁት ይቅር ብለውን ይሆን ወይስ እኛን ለማሳረፍ? ሁለተኛው ከሆነ እሳቸውም ለእኛ ያንኑ እኛ የከለከልነውን ደግነት አድርገውልናል ማለት ነው። አራተኛው ጓደኛችን ይህን ነገር አንሥቶ እንደገና ከተከራከረን እነሆ ሦስት ሌሊት ሆነው።

ፍርዱ ሦስት ለአንድ ላይ ቆሟል። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን፣ አንቺም ብትሆኚ፣ እንቁላሉን ትቀቅሉት ነበር? መልሳችሁን ለሚቀጥለው እትም አድርሱን፤ አራተኛው ጓደኛችንም ጠበቃ ይፈልጋል።